ዘጠና እስኪሞላ

ቦ ሙዩንዳ ዓይናቸውን ያጡት በእኔ እጅ ነው። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብነግራችሁ ይሻላል።

ስሜ ናማካው ነው። በዛምቢያ፣ በዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ አሸዋው ከፍ ባለበት ላይ በተሠራ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ለኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው ማደንዘዣ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው አልሞተብኝም አልልም። የሞቱት ግን አብዛኞቹ ሲመጡም ነፍሳቸው አፋቸው ላይ ደርሳ ነበር። ቦ ሙዩንዳ እንደዚያ አልነበሩም። በእግራቸው ነው የገቡት።

ቀዛፊ ነበሩ። ውሃው በየዓመቱ ሜዳውን ሲውጠው መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ የክትባት ሳጥኑም፣ ደብዳቤውም፣ ምጥ የያዛትም ሴት በእሳቸው ጀልባ ነው የሚያልፉት። እኔንም ወጣት ነርስ ሳለሁ ስንት ጊዜ አሻግረውኛል። «ልጄ፣ መሃል ላይ ተቀመጪ። እናትሽ በደንብ አብልታሻለች፤ ጀልባዬ ደግሞ አርጅታለች» ይሉኝና ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እኔ በሎዚ ቋንቋችን ከስማቸው ፊት «ቦ» ብዬ ለማክበር፣ ወይም «ንዳቴ»፣ አባቴ ብዬ ነበር የምጠራቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ገና በልጅነታቸው ኩፍኝ አጥፍቶታል። በግራው ብቻ ነበር በዚያ ሁሉ ሸምበቆ መካከል ቀጭኗን የውሃ መንገድ ለይተው የሚያልፉት።

ስድሳ ካለፋቸው በኋላ ልባቸው ደከመ። ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መቅዘፉን ትተው የሰው ጀልባ መጠገን ጀመሩ። በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ፣ የጀልባ ቀዳዳ ላይ ቆርቆሮ እየመቱ ሳለ የብረት ስባሪ ተፈናጥሮ ግራ ዓይናቸውን መታው።

ልጃቸው ሊኬዞ በጀልባ አመጣቻቸው። በመንገድ ላይ ያለው ጤና ኬላ ውስጥ አንዲት ብልህ ነርስ የፕላስቲክ ኩባያ ቂጥ ቆርጣ ዓይናቸውን ከድናላቸው ነበር። በደንብ ነው ያደረገችው። ረቡዕ ከሰዓት ክዳኑን በቀስታ አንስቼ አየሁት። የዓይኑ ፊት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ግን ትንሽ ነበር። ሁለት ክንድ ርቄ ጣቶቼን ዘረጋሁ።

«ንዳቴ፣ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«አንድ። ያውም ቀለበት ያለበት። ባልሽ አሁንም አለ ማለት ነው?»

«አለ፣ ምን ይሆናል ብለው ነው!»

«ጎበዝ ሰው ነው» አሉና ሳቁ። ሊኬዞም ሳቀች። ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎ ካሉ እኮ አንፈራም። አባቴ መንገድ ላይ ሁሉ 'ናማካው አለች፣ ናማካው አለች' ሲል ነው የመጣው» አለችኝ።

የዓይን ሐኪም በሆስፒታላችን የለም። ዶክተር ሀምዌንዳ ከዋና ከተማው ከሉሳካ በወር አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ በትንሽ አውሮፕላን ይመጣል። ቦ ሙዩንዳ ዕድለኛ ናቸው አልን፤ ሐሙስ ማግስቱ ነበር።

ያን ማታ ቤቴ ሆኜ ሥራውን አሰብኩበት። የተሰነጠቀ ዓይን ውስጡ ያለው ነገር መውጫ የሚፈልግ ነው፤ ሳል፣ ማስመለስ፣ መንፈራገጥ፣ ማንኛውም ግፊት ያወጣዋል። ስለዚህ ዓይኑን ብቻ በመርፌ ማደንዘዝ አይቻልም፤ መርፌው ራሱ ይጫነዋል። ማስተኛት ግድ ነው። የተለመደው ማስተኛ መድኃኒት ደግሞ እንዲህ የደከመ ልብ ያለውን ሰው ደም ግፊቱን ጥሎ ሊገድለው ይችላል። ሌላው፣ እኛ የምናዘወትረው፣ ልብን ያስሮጣል። የቀረኝ ኤቶሚዴት የሚባለው ነበር። ለልብ እንደ እሱ የሚራራ የለም።

አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። ሰውየው እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ጡንቻ የሚያፈታው ሁለተኛው መድኃኒት ከመያዙ በፊት፣ እጅና እግሩ በራሱ ጊዜ ይንፈራገጣል። ሰውየው አያውቀውም፣ አያመውም፤ ሲነቃም አያስታውሰውም። እግሩ ለተሰበረ ወይም ሆዱ ለሚከፈት ሰው ብዙም ግድ የለው ይሆናል። ለተሰነጠቀ ዓይን ግን መጥፊያው ነው።

ይህን የሚከላከል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ አለ፤ ከመጋዘናችን ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሌላው ዘዴ ቀላል ነው። ከዚያው ከኤቶሚዴቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ አስቀድሞ መስጠትና መጠበቅ። ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ከዚያ የቀረው ሲገባ አይደነግጥም። ስማር የጻፍኩበት ደብተር ላይ «ዘጠና ሰከንድ» ይላል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ዋናው ነገር መጠበቁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ነበር። ለአንድ ሰዓት የተቀጠረው አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ላይ አረፈ። አራት በሽተኛ ተሰልፏል። አብራሪው ደግሞ ደመናው ተመልሶ ሳይዘጋ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እነሳለሁ ብሏል።

ዶክተር ሀምዌንዳ ቶንጋ ነው፤ እኔ ሎዚ ነኝ። ሎዚና ቶንጋ ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ ሰላም አልተባባሉም ማለት ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነን። ገና ከበሩ፣ «እናንተ ዓሣ በሎች፣ ዛሬም አልሰመጣችሁም?» አለ።

«አንተስ ከብትህን ለማን ትተህ መጣህ? ወይስ አብሮህ በአውሮፕላን መጣ?» አልኩት።

«እሱ እንኳ አንቺን ሲያይ ይሸሻል ብዬ ተውኩት።»

ሁላችንም ሳቅን። ጥሩ ሐኪም ነው፤ እጁ እንደ ሸረሪት ቀላል ነው። ዛሬም ጥሩ ሐኪም አይደለም አልልም።

ቦ ሙዩንዳን ጠረጴዛው ላይ አስተኛናቸው። ለልባቸው ብዬ ከወገባቸው በላይ ቀና አደረግኳቸው። ሙፋላሊ የሚባለው የኦፕራሲዮን ነርሳችን ክንዳቸው አጠገብ ቆመ። ኦክስጅኑን አፋቸው ላይ ከማድረጌ በፊት፣ «ዛሬ ቀዛፊዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «መሃል ላይ ነው የተቀመጥኩት?»

«መሃል ላይ ነዎት፣ ንዳቴ።»

ትንሿን መርፌ ሰጠሁ። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አሥር። ሃያ። ቦ ሙዩንዳ ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። ዶክተር ሀምዌንዳ ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ እጆቹን ወደ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ናማካው፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ዘጠና እስኪሞላ።»

«ዘጠና ምን? ዘጠና ዓመት?» አለ። «እናንተ ሎዚዎች እኮ ንጉሥ ፊት ተንበርክካችሁ ስታጨበጭቡ ነው ዕድሜያችሁ የሚያልቀው። ጨብጭበሽ ስትጨርሺ ጥሪኝ፤ አብራሪው ግን ቶንጋ ነው፣ አይጠብቅም!»

ሙፋላሊ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሁለተኛውን መርፌ፣ የቀረውን ኤቶሚዴት፣ ገፋሁት።

ሰዓቱ ሠላሳ አምስት ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ።

መጀመሪያ የግራ ትከሻቸው ዘለል አለ። ቀጥሎ ሁለቱም እግሮቻቸው፣ እንደሚቀዝፍ ሰው አይደለም፣ አንድ ነገር ከሥር እንደሚጎትታቸው። አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንገታቸው ተገተረ፣ ፊታቸው ተጨማደደ። ሙፋላሊ ክንዳቸውን ጨበጠ፣ ሌላዋ ነርስ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ያዙት! ጭንቅላቱን ያዙት!» አለ ዶክተሩ። ጡንቻ የሚያፈታውን መድኃኒት እየገፋሁ ነበር፤ እሱ ግን የራሱ ጊዜ አለው፣ በጩኸት አይፈጥንም። ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ሁሉም ቀጥ አለ። ቱቦውን አስገባሁ። ልባቸው በደንብ ይመታል፣ የደም ግፊታቸው ንቅንቅ አላለም። በዚያ በኩል ሥራዬ ያማረ ነበር።

ዶክተር ሀምዌንዳ የፕላስቲኩን ክዳን አነሳ። እኔ ከራስጌ ስለሆንኩ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ እንቁላል ውሃ የጠራ ነገር ጉንጫቸው ላይ ወርዷል፤ ስንጥቁ ሰፍቶ ቡናማው የዓይናቸው ክፍል አፉ ላይ ተወትፏል።

ሁለት ሰዓት ሰፋ። ቀልድ አልነበረም፤ መቀስ ስጡኝ፣ ክር ስጡኝ ብቻ። ከተሰለፉት አንዱ ለሌላ ወር ተላለፈ። ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ፣ «አይመስለኝም። ብርሃን እንኳ አይለይም» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትዬው ወጣሁ።

«ስንጥቁ ትልቅ ነበር ብዬ ነው የምጽፈው» አለ። «እንዲህ ያለው ዓይን ግማሹ ምንም ብናደርግ ይጠፋል። ታውቂያለሽ።»

«ትናንት ጣቶቼን ቆጥረውልኛል።»

«ስለ ትናንት አልጠየቅኩሽም።»

«ዶክተር፣ ዘጠና ሳይሞላ ነው የሰጠሁት። አንተ ስትናገር...»

«እኔ ቀለድኩ» አለ ቶሎ ብሎ። «ቀልድ መርፌ አይገፋም፣ ናማካው።»

እውነቱን ነው። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ በረረ።

በማደንዘዣው ወረቀት ላይ «በማስተኛት ጊዜ የተፈጠረ ችግር» የሚል ቦታ አለ። ያን ቀን ባዶ ተውኩት። አርብም ባዶ ነበር። ቤቴ ገንፎ አቀረብኩ፣ ባሌ በላ፣ እኔ አልበላሁም፤ ምን ሆንሽ ሲለኝ ራሴን አመመኝ አልኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ፋሻው ሲፈታ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ፀሐይ አንሶላቸው ላይ ቁጭ ብላለች። ቦ ሙዩንዳ ቀና አሉ፤ ወዲያ ወዲህ ዞር ዞር አሉ።

«ጨልሟል እንዴ?» አሉ። «ሊኬዞ፣ መብራት የላቸውም?»

ሊኬዞ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የሚያጽናና ነገር እንድነግራት ነበር። ይሻሻላል፣ ጠብቁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ የምንለው አይጠፋንም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ትንሿን መርፌ፣ መጠበቁን፣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ እንዳልጠበቅኩ። ስለ ቀልዱ አላነሳሁም፤ እንደሳቅኩ ግን ነገርኳቸው።

ከጎን ያለው በሽተኛ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሳቅሽ?» አለች ሊኬዞ። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። «አባቴ ተኝቶልሽ አንቺ ትስቂያለሽ?»

«ሊኬዞ» አሉ አባቷ።

«ምን ሊኬዞ! መንገዱን ሁሉ ስሟን ሲጠራ ነበር የመጣው! ሌላ ዓይን አለው እንዴ? ሌላ ዓይን አለው ወይ?»

«ዝም በይ፣ ልጠይቃት።» ቦ ሙዩንዳ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ፤ ትንሽ ስተው፣ ከጆሮዬ ጎን ወዳለው ግድግዳ። «ስንት ቀርቶሽ ነበር?»

«ሃምሳ አምስት።»

«ሃምሳ አምስት ምን?»

«ሰከንድ፣ ንዳቴ። አንድ ደቂቃም አይሞላም።»

«ጀልባ ከመግፋቴ በፊት ነፋሱን ለማየት እንኳ ከዚያ በላይ ነው የምቆመው» አሉ። ስድብ አልነበረም፤ ዝም ብለው ነው የነገሩኝ። ከዚያ፣ «ለእኔ ነግረሽኛል። ጥሩ። ለአለቆችሽስ?»

«አልነገርኩም።»

«ለእኔ ብቻ ከሆነ ሸክምሽን ነው ያሸከምሽኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ደካማ ነው፤ አልችልልሽም። ሂጂና ለሚቀጣሽ ንገሪ።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተነስቼ ወጣሁ።

ባዶውን ቦታ ሞላሁት፤ አልበቃ ብሎኝ በጀርባውም ጻፍኩ። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ናማካው፣ ይህን ከተቀበልኩሽ ከሥራ ላግድሽ ነው። ካገድኩሽ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው የለኝም። ምን እያደረግሽኝ ነው?»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ዓይናቸውን ያጡት ሰውዬ።»

ጉዳዬ ለሆስፒታሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቦ ስድስት ሳምንት ታገድኩ። ከሉሳካ ምትክ ተላከ፤ ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሄደ። በቀሩት ሦስት ሳምንታት ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋ፤ ምጥ የጠናባቸው ሴቶች በመኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላኩ ነበር። አንዷ መንገድ ላይ ሞተች፣ ከነልጇ። ዜናውን የሰማሁት ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ስገዛ ነው፤ ሻጯ እኔ መሆኔን ሳታውቅ ነገረችኝ። «አንዷ ነርስ ጥላ ጠፍታ እኮ ነው» አለችኝ። ዓሣውን ሳልወስድ ሄድኩ። ያቺን ሴት ማን ገደላት? ዝም ብል ኖሮ ትኖር ነበር። አንዳንድ ቀን ቦ ሙዩንዳ ላይ እናደዳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ።

ስመለስ ሙፋላሊን ጠርቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። «ትንሿን መርፌ እንደሰጠሁ አንተ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ። እስክትጨርስ ማንም አይናገር። እኔም ብናገር ዝም አሰኘኝ።»

«ዶክተሩ ቢናገርስ?»

«እሱንም።»

በሚቀጥለው ወር ከሴናንጋ ከተማ አንዲት አስተማሪ መጣች፤ አጥር ስታጥር ሸምበቆ ዓይኗን ወግቷታል። ማስታገሻው አሁንም አልመጣም፤ ልቧ ጤነኛ ቢሆንም ያ የተለመደው ማስተኛም ከመደርደሪያው አልቆ ያለኝ ኤቶሚዴት ብቻ ነበር። ዶክተር ሀምዌንዳ ገባ። ደህና አደራችሁ አለ እንደ ማንኛውም ሰው፤ ስለ ዓሣም ስለ ከብትም አላነሳም። ትንሿን መርፌ ሰጠሁ። ሙፋላሊ መቁጠር ጀመረ። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ አንድ ነገር ሊጠይቅ ሲል ዶክተሩ ራሱ ጣቱን አንስቶ ዝም አሰኘው። ስድሳ። ሰባ። ሰማንያ። ዘጠና። ገፋሁት።

የሴትየዋን እግር አየሁ። ጫማዋን ስላወለቀች ጣቶቿ ይታያሉ፤ አንዱ እንኳ አልነቃነቀም። ክዳኑ ሲነሳ ዓይኗ እንደመጣ ነበር።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በወረቀቷ ላይ «ዘጠና ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ሲወጣ ዶክተር ሀምዌንዳ በሩ ላይ አገኘኝ። «ያኔ ለኮሚቴው ልጽፍ ነበር» አለ። «እኔም አቻኩዬአታለሁ ብዬ።»

«አልጻፍክም።»

«አልጻፍኩም።»

«ዛሬም ወረቀት አለ።»

ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አብራሪው ይጠብቀኛል» አለና ሄደ። ጻፈ አልጻፈ እስካሁን አላውቅም።

ለቦ ሙዩንዳ በየወሩ የልብና የውሃ መቀነሻ መድኃኒታቸውን እወስድላቸው ነበር። ይቅርታ አላሉኝም፤ አትምጪም አላሉኝም። ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ክኒኑን በጣታቸው ይለያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ውሃው ሸሽቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ሸሽቷል አልኳቸው። «ከብቶቹ ወደ ሜዳው ወርደዋል?» ወርደዋል። ከዚያ በላይ አላወራንም። ሊኬዞ እኔ ስመጣ ወደ ጓሮ ትሄድ ነበር።

በጥቅምት፣ ሙቀቱ ሲጠና፣ ልባቸው ቆመ። ተቀምጠው ነው የሞቱት አሉ።

ለቀብሩ ሄድኩ። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ራቅ ብዬ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። የሚያውቁኝ አሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ስትነግር፣ ያቺ ዞር ብላ ስታየኝ አየሁ። ማንም አላባረረኝም፣ ማንም ጠጋ በይ አላለኝም። ወንዶቹ አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ ሁላችንም ተንበርክከን አጨበጨብን፤ በዝግታ፣ እንደ ወጉ። አለቀስኩ። ድምፄን ለመያዝ ብሞክርም አልሆነልኝም።

ሰው መበተን ሲጀምር ሊኬዞ መጥታ ፊቴ ቆመች። ከስታለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። የምትለኝን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቀና አልኩ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያስ ሂጂ። ጀልባው ሳይሞላ ያዢ፤ ነገ ሥራ አለሽ።»

ቁጣ ይሁን ምሕረት ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ነጠላዬን አራግፌ ተነሳሁ። ጀልባው ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ቀዛፊው አንድ የማላውቀው ወጣት ነው። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ በሽተኛ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።